የሒሳብ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ፈትኑት
አሜሪካ ሆናችሁ ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ የምታስተምሩ ወላጆች፣ የሒሳብ መጽሐፍ በክፍል ቁጥር ብቻ አትግዙ። የአንዱ አሳታሚ 4ኛ ክፍል ከሌላው 4ኛ ክፍል ጋር እኩል አይደለም። ሳክሰንና ሲንጋፖር ማዝ የሚባሉት የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት በነፃ የሚገኝ የደረጃ መለያ ፈተና አላቸው። መጀመሪያ እሱን አሠሩት። ሳትረዱት፣ ሳትጠቁሙት። ውጤቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጀምር ቢል አትደንግጡ፤ ክፍልፋይ ላይ የቀረ ክፍተት አልጀብራ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ የልጁን ጠባይ እዩ። ቶሎ የሚረሳ ከሆነ ሳክሰን ይሻለዋል፤ ያለፈውን ትምህርት በየጊዜው እየመለሰ ያሠራል። "ለምን?" ማለት የሚወድ ልጅ ግን በሥዕል አስረድቶ ወደ ቁጥር የሚያልፈውን ሲንጋፖርን ይወደዋል ባይ ነኝ። ሲንጋፖርን ከመረጣችሁ የመምህሩን መምሪያም አብራችሁ ግዙ። አሠራሩ እኛ አገር ቤት ከተማርነው ይለያል።