ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ማሽን፦ ከመቀየር በፊት የሚታዩ ነገሮች

ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶም ይሁን የዱቄት ፋብሪካ ማሽን ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚቀየረው ኩሽኔታው (ሻፍቱን፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ፣ የሚሸከመው ቤሪንግ) ነው። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይጮሃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኩሽኔታው ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

ለመጀመር የእጅ የንዝረት መለኪያ ይበቃል። ንዝረቱን በሚሊሜትር በሰከንድ ይነግራችኋል። በእያንዳንዱ ኩሽኔታ ቤት ላይ በሦስት አቅጣጫ ለኩ፦ ወደ ጎን፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሻፍቱ ርዝመት። የምትለኩበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ባዶውን ሲዞር የተለካን ማሽን ጭነት ላይ ካለው ጋር አታወዳድሩ።

ፋኑ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ንዝረቱም ቀስ እያለ ጨምሯል

ባላንሱ ተዛብቷል። በደቂቃ 1,480 ዙር የሚዞር ፋን ከሆነ ንዝረቱ 25 ኸርዝ (በሰከንድ 25 ጊዜ) አካባቢ ጎልቶ ይታያል፤ በአንድ ዙር አንዴ ማለት ነው። አቧራ በሚስብ ፋን ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ምላጩ ላይ የተጋገረውን አቧራ ነው። ከአንዱ ምላጭ ላይ ቁራጭ ከወደቀ ደግሞ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል።

መብራቱን አጥፉ፣ ማብሪያውን ቆልፉ፣ ከዚያ ሁሉንም ምላጭ እኩል ጥረጉ። እጅ የደረሰበትን ብቻ ጠርጎ መተው ካልተጠረገው ይብሳል! ስንጥቅና የሳሳ ቦታም ፈልጉ። እንደገና ለክታችሁ ካልወረደ ብቻ ክብደት በመበየድ ባላንስ ይደረግ።

በሻፍቱ ርዝመት ይገፋል፣ የካፕሊንጉ ጎማ ያልቃል

በካፕሊንግ (ሁለቱን ሻፍት በሚያገናኘው) የተያያዙት ሞተሩና ፋኑ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። በአንድ ዙር ሁለቴ የሚመታ ንዝረት ካያችሁ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከማስተካከላችሁ በፊት የሞተሩን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ እያደረጋችሁ እዩ። እግሩ ብድግ ካለ ከሥሩ ክፍተት አለ፤ በልኩ የተቆረጠ ስስ ላሜራ አስገቡ። ትኩስ ጋዝ የሚስብ ፋን ሲሞቅ ሻፍቱ ከፍ ስለሚል፣ በቀዝቃዛው የተስተካከለውን ከሞቀ በኋላ ድጋሚ አረጋግጡ።

መብራት እንደጠፋ ንዝረቱ ወዲያው ድርግም ይላል

ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። የኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ 100 ኸርዝ ላይ ይታያል። ለኤሌክትሪሺያኑ ስጡት። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ቀስ እያለ ከበረደ ግን ሜካኒካል ነው።

ቁጥሩ ደህና ነው፣ ግን ቀጭን ፉጨት አለ

እዚህ ላይ ኩሽኔታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ጅማሬው በዚህ መለኪያ ላይታይ ስለሚችል ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚለካ መሣሪያ ይሻላል። ግሪስ ስትሰጡት ዝም ብሎ ቆየት ብሎ ከተመለሰ አዲሱን እዘዙ። ግሪስ መጠቅጠቅ ግን ያሞቀዋል እንጂ አያድነውም።

ከ15 እስከ 300 ኪሎዋት ላለ፣ ጠንካራ መሠረት ላይ ለቆመ ማሽን የአይኤስኦ 10816-3 (እ.ኤ.አ. በ2022 በአይኤስኦ 20816-3 የተተካው ዓለም አቀፍ የንዝረት ደረጃ) ገደብ እንዲህ ነበር፦ ከ2.8 ሚሊሜትር በሰከንድ በላይ ለረጅም ጊዜ አይሠራበትም፣ ከ4.5 በላይ ጉዳት ያደርሳል። ለኔ ግን የማሽኑ የራሱ የፊት ቁጥር ይበልጣል። 1.2 የነበረው 2.4 ከገባ ገደቡን ሳይጠብቁ መክፈት ነው።

የወጣውን ኩሽኔታ አትጣሉት፤ ሰንጥቃችሁ እዩት። ኳሶቹ የሄዱበት መስመር ቀለበቱ ላይ ዘመም ካለ አሰላለፉ ተበላሽቷል። በኳሶቹ ርቀት ልክ የተቀመጡ ጉድጓዶች ካሉ ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተደረደሩ ስስ መስመሮች ካያችሁ ደግሞ ኤሌክትሪክ በውስጡ አልፏል፤ በተለይ ሞተሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለው የመሬት ሽቦውን ፈትሹ።