ፒንጉይኩላን እንዴት መለየትና ማሳደግ ይቻላል?

ፒንጉይኩላ ነፍሳት የሚበላ ተክል ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ግን መሬት ላይ ተነጥፎ የበቀለ ተራ ተክል ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ላየው ግን ቅጠሉ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል፤ ሙጫ ነው። ስሙም ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ስለሚመስል «ስብ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቅጠሉ ላይ ሁለት ዓይነት ዕጢዎች አሉ፤ ዘንግ ያላቸው ሙጫውን አውጥተው ትንኟን ይይዛሉ፣ ዘንግ የሌላቸው ደግሞ የሚያሟሟትን ኢንዛይም ያፈሳሉ።

መጀመሪያ ማንነቱን እወቁ

እንደ ቩልጋሪስ ያሉት የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች በብርዱ ወቅት ቡቃያ አክለው ይኮማተራሉ፤ ያለ ብርድ አይኖሩም። የሜክሲኮዎቹ ግን መስኮት ላይ ያድጋሉና ለጀማሪ የምመክረው እነሱን ነው። ከእነሱ መካከል ጊፕሲኮላ ቀጫጭንና ወደ ላይ የቆሙ ቅጠሎች አሉት፤ በተፈጥሮ የሚበቅለውም ጂፕሰም ድንጋይ ላይ ነው። ጊጋንቲያ በቅጠሉ ጀርባም ሙጫ አለው። ላውኣና በቀይ አበባው ይታወቃል።

ቅጠል ብቻ አይቶ ስም መስጠት ግን ያሳስታል። አበባው እስኪወጣ ጠብቁና ቀለሙን፣ ጉሮሮውንና ከጀርባው የሚወጣውን ቀንድ ርዝመት ተመልከቱ። ድቅሎቹ ደግሞ ይበልጥ ያደናግራሉ፤ ቬዘርና ሴቶስ ሁለቱም ከኤህለርሲኤና ከሞራኔንሲስ የተዳቀሉ ናቸው፤ ሴቶስን የሚለየው አበባው መሃል ላይ ያለው ነጭ ኮከብ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉበት። በግምት የተጻፈ ስም ከተክሉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ማንም አያርመውም። ከዱር የተነቀለ ተክልም አትግዙ፤ አንዳንዶቹ ብርቅ ዝርያዎች የሚገኙት ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው።

አፈር፣ ውሃና ብርሃን

ፔርላይትና ቨርሚኩላይት (አፈር የሚያላሉ፣ በሙቀት የተነፉ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪዎች) ከታጠበ አሸዋ ጋር እኩል እኩል ደባልቄ ትንሽ ፒት ሞስ (ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ የበሰበሰ ሽበት) እጨምራለሁ። «ለነፍሳት በል ተክሎች» ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አፈር አብዛኛውን ጊዜ ፒት ስለሚበዛበት ለሜክሲኮዎቹ አልወደውም፤ ውሃ ይይዛል። የባሕር አሸዋ ጨው አለውና አይሆንም። ውሃው የዝናብ ወይም ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ይሁን። መብራት የምትጠቀሙ ከሆነ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ። አፈሩ ውስጥ ማዳበሪያ አትጨምሩ።

የሚገድለው ወቅት

ቀኑ ሲያጥር አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያዎች ቅጠል ይቀይራሉ። ሰፋፊዎቹ ይጠወልጋሉ፤ መሃል ላይ ትናንሽ፣ ወፋፍራምና ሙጫ የሌላቸው ቅጠሎች ይወጣሉ። የመጀመሪያዬ ሞራኔንሲስ እንዲህ ሲሆን የተጠማ መሰለኝና ከሥሩ ያለውን ሳህን በውሃ ሞላሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሃሉ ቡናማ ሆነ፤ በጣቴ ስነካው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። አንድም ቅጠል ማትረፍ አልቻልኩም።

ተክሉ አልተጠማም ነበር፤ በትውልድ ቦታው ይህ ደረቁ ወቅት ነው። ወፋፍራሞቹ ቅጠሎች የራሳቸውን ውሃ ቋጥረዋል፣ ሥሩም በዚህ ጊዜ ደካማ ስለሆነ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ስለዚህ መሃሉ ላይ ሙጫ የሌለው የመጀመሪያ ቅጠል ሲታያችሁ ሳህኑን ባዶ አድርጉ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ የመትከያውን ጠርዝ ብቻ ትንሽ አርጥቡ፤ መሃሉን ውሃ አይንካው። የሚያጣብቅ ሰፊ ቅጠል ዳግም ሲወጣ ውሃውን ቀስ በቀስ መልሱ። የቀን መቁጠሪያ አትከተሉ፤ በመብራት የሚያድገውና መስኮት ላይ ያለው እኩል አይቀይሩም። አግናታ ደግሞ ቅጠሉን እምብዛም አይለውጥም፤ እሱን ውሃ መቀነስ ብቻ ይበቃዋል።

ማባዛት

ጥሩው ጊዜ ይኸው ደረቁ ወቅት ነው። ወፍራሙን ቅጠል ከሥሩ ይዛችሁ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ንቀሉት፤ ነጩ ጫፍ አብሮ መውጣት አለበት። በመቀስ ከመሃል የቆረጥኳቸው አንዳቸውም አልበቀሉልኝም። ቅጠሉን እርጥብ አፈር ላይ አጋድማችሁ ብርሃን በሚያስገባ ክዳን ሸፍኑት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጩ ጫፍ ላይ ትንንሽ ተክሎች ይወጣሉ። እናት ቅጠሉ በራሱ እስኪደርቅ አትንቀሉት፤ ልጆቹ የሚመገቡት ከእሱ ነው። ስሙንም ቅጠሉን በነቀላችሁበት ቀን ጻፉበት።