ተለቅ ያለ ጎማና አዲስ ቸርኬ እንዴት ይገጠማል?

አዳማ ላይ አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት መንገድ ያያል። ጠዋት በክፍያ መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ ይመጣል። ከሰዓት ደግሞ ከአስፋልቱ ወጥቶ በወንጂ በኩል በሸንኮራ አገዳው መሀል አቧራና ጉድጓድ ሲገፋ ይውላል። ፕራዶ፣ ራቭ ፎር ወይም ቪታራ የሚነዳ ሰው ጎማ ከፍ ማድረግ ቢያምረው አይፈረድበትም። መኪናው ከፍ ይላል፣ ጉድጓዱን ይችላል፣ መልኩም ያምራል።

ከሁሉ በፊት ምክሬን ልናገር፤ ጎማውን አሳድጉ፣ ቸርኬውን አታሳድጉ። 17 ኢንች ቸርኬ ይዞ የመጣ መኪና ላይ 20 ኢንች ሲገባ የጎማው ጎን ይሳሳል። ጉድጓዱን የሚውጠው ደግሞ ያ ጎን ነው። ጎኑ ሲያጥር ዱላው በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ቸርኬው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ጎማው ጎኑ ላይ ያብጣል። ጎኑ ያበጠ ጎማ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ቁጥሩን አንብቡ፣ ሒሳቡን ስሩ

የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዩ። ፋብሪካው የፈቀደው የጎማ መጠንና የንፋስ ልክ እዚያ አለ። ያገለገለ መኪና ከሆነ ጎማው ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ ይህን እመኑ፤ የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ፕራዶ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ታገኛላችሁ። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አሁን ሒሳቡ፦ 17 በ25.4 ሲባዛ 431.8 ሚሊሜትር። ጎኑ 172.25 ነው፤ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ፣ 344.5። ሲደመር 776.3 ሚሊሜትር። የጎማው ሙሉ ቁመት ይህ ነው።

ወደ 265/70 አር 17 ብትሄዱ ቁመቱ 802.8 ይሆናል። ልዩነቱ 26.5 ሚሊሜትር፣ ማለትም 3.4 በመቶ። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የዚህን ግማሽ፣ 13 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። 285/70 አር 17 ከሆነ ቁመቱ 830.8 ደርሶ ልዩነቱ 7 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነካ ይገባል። ሁለተኛው ሞላና አሞርዛተር መቀየር፣ ፕላስቲክ መቁረጥም ያመጣል። ለከተማና ለክፍያ መንገድ ከ3 እስከ 4 በመቶው ላይ ቁሙ እላለሁ።

ጎማው በተለቀ ቁጥር ፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። በ3.4 በመቶ ያደገ ጎማ ላይ፣ ቀድሞ ልክ የነበረ መለኪያ 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 103.4 ነው። ክፍያ መንገዱ ላይ ወሰኑ ጫፍ ድረስ የሚነዳ ሰው ይህን ይያዝ።

ቸርኬው ከመኪናው ጋር ይስማማል?

ሻጩ "ይገባል፣ ችግር የለም" ቢላችሁም ሦስት ነገር ራሳችሁ አረጋግጡ።

አንደኛው የብሎኖቹ ቁጥርና ርቀት ነው። ፕራዶ 6 ብሎን አለው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 139.7 ሚሊሜትር ነው። ራቭ ፎር ደግሞ 5 ብሎን በ114.3። ሚሊሜትር ብትለያይም "በግድ ይገባል" የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው የመሀሉ ቀዳዳ ነው። አብዛኛው ፕራዶ ላይ 106 ሚሊሜትር ገደማ፣ ራቭ ፎር ላይ 60.1። ከዚያ ከጠበበ አይገባም። ከሰፋ ይገባል፣ ግን ቸርኬው መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ይንቀጠቀጣል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አብራችሁ ግዙ።

ሦስተኛው ኦፍሴት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባ ወይም እንደሚወጣ የሚወስነው ይህ በሚሊሜትር የሚለካ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ነባሩ ቸርኬ 7.5 ኢንች ስፋትና 30 ኦፍሴት አለው እንበል። አዲሱ 8.5 ኢንችና 0 ኦፍሴት ከሆነ፣ በኦፍሴቱ 30፣ በስፋቱ 12.7፣ በጠቅላላው 42.7 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። አራት ጣት የማይሞላ ነገር ይመስላል። ነገር ግን መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ጭነቱ ከኩሽኔታው ስለሚርቅ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል፣ ድንጋዩና ጭቃውም የመኪናውን ጎን ይደበድባል። ስለዚህ ኦፍሴቱን ለነባሩ ቅርብ አድርጉ።

ጎማውን ስትመርጡ

ከመጠኑ ቀጥሎ 112 ኤስ የመሰለ ምልክት አለ። 112 አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤስ ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር። ፋብሪካው ካዘዘው አትውረዱ። ቀጥሎ የተመረተበትን ቀን ፈልጉ። በአራት አሃዝ ይጻፋል፤ 2324 ካለ በ2024 23ኛው ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ። ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል። መተሐራና አዋሽ ወርዶ በዚያ ሙቀት ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአዳማ ሰው ኤቲ የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነው ይበቃል። ኤምቲው ለጭቃ ነው፤ ክፍያ መንገዱ ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም።

አንዱን ጎማ ብቻ ሞክሩ

አራቱንም ከማስገጠማችሁ በፊት አንዱን ጎማ አስነፍታችሁ ከፊት በኩል ግጠሙ። የጎማውን ትከሻ፣ ማለትም ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበትን ጠርዝ፣ ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙራችሁ በዝግታ ንዱ። ቀጥሎ ያንኑ ጎማ መንገድ ዳር ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡት፤ ሞላው ይታመቃል፣ ጎማው ወደ ላይ ይገባል። አሁን ወርዳችሁ በስልክ መብራት ፓራፋንጎውን ከውስጥ፣ የኋላውን ጥግ በተለይ፣ ከዚያ የላይኛውን እጅ፣ ማለትም ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ የፍሬን ቱቦውንም ፈትሹ። ነጭ ምልክት ያለበት ቦታ ሁሉ ጎማው ነክቶታል። ፕላስቲክ ከሆነ በጥቂት ቆረጣ ይስተካከላል። ብረት ወይም የፍሬን ቱቦ ከሆነ ያ መጠን ለናንተ መኪና አይሆንም፣ መልሱት።

መግጠም

ጎሚስታው ጎማውን ቸርኬው ላይ ሲያስገባ ባላንስ ይስራው፣ ማለትም ክብደቱን ዙሪያውን እኩል ያድርገው፤ ያለ ባላንስ አትቀበሉ። የተቀረው ቤትም ይሰራል።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሌላኛው ጎማ ስር ታኮ አስገቡ። ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ጥቂት አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ጎማው ሲወጣ ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ ከዝገቱ አጽዱ። ብሎኑን ግሪስ አትቀቡ፤ የማጥበቂያውን ልክ ያዛባል።

ዳዶዎቹን እዩ። የቶዮታ የፋብሪካ አሎይ (የአሉሚኒየም ቅይጥ) ቸርኬ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ስሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀለበትም አለው። ከሱቅ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛው ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን በሾጣጣው ቀዳዳ ላይ ብታጠብቁት የጠበቀ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግን ይላላል። ዳዶውን በእጅ ስታስገቡ ዙሩን ቁጠሩ። የብሎኑ ውፍረት 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ዙር መግባት አለበት። ካልገባ ብሎኑ አጭር ነው፣ አትንዱት።

ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ካጠበቃችሁ በኋላ ትይዩ ያለውን እያላችሁ ቀጥሉ። መኪናውን አውርዳችሁ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ጨርሱ። ልኩ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ፤ ብዙ ራቭ ፎር ላይ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መርገጥ ብሎን ይስባል፣ ዲስክም ያጣምማል። ጎሚስታው በአየር መፍቻ ካጠበቀውም ፈታ አድርጋችሁ በልኩ መልሱት።

ከተገጠመ በኋላ

ዊል አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አሰሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን በድጋሚ አጥብቁ፤ አዲስ ቸርኬ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ መድረስ ለዚህ ይበቃል። ንፋስ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ለኩ። ቀትር ላይ ጎማው ሞቆ ቁጥሩ ከፍ ቢል አታስተንፍሱት። ለኢንሹራንሳችሁም የጎማውን ለውጥ አሳውቁ።

ተቀያሪው ጎማም ከአራቱ ጋር አንድ መጠን ይሁን፣ ስለዚህ አምስት ግዙ። አብዛኛው ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው። ቁመቱ የተለየ ጎማ ረጅም መንገድ ከሄደበት ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የመሀል ዲፈረንሻል ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ይሞቃል። አምስተኛውን ጎማ በነባሩ ቸርኬ ላይ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ስድስቱን ጠፍጣፋ ዳዶዎች በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከክሪኩ አጠገብ አስቀምጡ። የግራር እሾህ ሶደሬ መንገድ ላይ ጎማ ቢያስተነፍስባችሁ ሾጣጣዎቹ ለዚያ ቸርኬ አይሆኑም።