ፕሌት የሚጫንበት ሮው ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ጂም ለመክፈት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያፈሰው ደረት ማሽን ላይ ነው። የጀርባው ነገር ወደ መጨረሻ ይገፋል። ከዚያ በተረፈችው ብር የተገኘው ሮው፣ ማለትም እጀታ ወደ ራስ እየሳቡ ጀርባ የሚያሠሩበት ማሽን፣ ይገዛና ጥግ ላይ ይቆማል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም በላይ ተጠንቅቆ መመረጥ ያለበት እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ሲነዳ ውሎ፣ ጎብጦ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የደረት መደገፊያ ስላለው፣ ወገብ ሳይጨነቅ ጀርባን ማጠንከር ይቻላል።

መጀመሪያ ፕሌታችሁን ለኩ

የፕሌቱ (የክቡ ክብደት) ቀዳዳ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ኦሎምፒክ የሚባለው ነው። ከ25 እስከ 30 ከሆነ ተራው ነው። የማሽኑ ፕሌት መስቀያ ከዚህ ጋር መግጠም አለበት። ባለ ትልቅ ቀዳዳው ቀጭን መስቀያ ላይ ይገባል፣ ግን በሳባችሁ ቁጥር ይንገጫገጫል። ፕሌት ገና ካልገዛችሁ ባለ 50ውን ያዙ።

ብየዳ ቤት የምታሰሩ ከሆነ እዚህ ላይ ንቁ። በቧንቧ ንግድ 50 የሚባለው ባለ ሁለት ኢንቹ ነው፤ ከውጭ ሲለካ ግን 60.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አንድ የማውቀው ጂም «50 አምጣ» ብሎ አዞ፣ ማሽኑ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ አንድም ፕሌት አልገባ አለ። መስቀያዎቹ ተቆርጠው እንደገና ተበየዱ። ለኦሎምፒክ ፕሌት የሚሆነው ባለ ኢንች ተኩሉ ቧንቧ ነው። ውጩ 48.3 ስለሆነ ፕሌቱ ሳይጨናነቅ ይገባል።

የትኛው ዓይነት?

ሁለቱ ክንዶች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት ማሽን አለ፤ አንድ ላይ የተያያዙበትም አለ። ለጂም የተለያየውን እመርጣለሁ። ቀኝ እጁ የሚበረታ ሰው ግራውን መደበቅ አይችልም፣ በአንድ እጅም መሥራት ይቻላል። ለቤት ግን ፕሌታችሁ ጥቂት ከሆነ ቲ-ባር፣ ማለትም በአንድ ዘንግ ብቻ የሚሳበው ሮው፣ ይበቃችኋል። መስቀያው አንድ ስለሆነ ያላችሁን ሁሉ እዚያው ትጭናላችሁ፤ ለግራና ለቀኝ ማካፈል የለም። የደረት መደገፊያ ያለውን ብቻ ፈልጉ።

ቁጭ ብላችሁ ሳቡ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ሮው ማሽን በፎቶ አይገዛም። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነም እዚያ ያለ ወዳጅ ሄዶ ይቀመጥበት፤ ሲስብ ከጎን በቪዲዮ ተቀርጾ ይላክላችሁ።

ደረታችሁን መደገፊያው ላይ አስጠግታችሁ እጃችሁን እስከ መጨረሻው ዘርጉ። ደረታችሁን ካላነሳችሁ እጀታው የማይደረስ ከሆነ ማሽኑ ረዝሞባችኋል። ተቃራኒው ይብሳል። እጃችሁ ገና ሳይዘረጋ የማሽኑ ክንድ ማረፊያው ላይ ቁጭ ካለ፣ ክንፋችሁ (የጀርባችሁ የጎን ጡንቻ) ሳይለጠጥ በግማሽ መንገድ ትሠራላችሁ ማለት ነው። ጥሩ ማሽን ላይ እጅ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶም ክብደቱ ገና እጃችሁ ላይ ነው። ክንዱ ማረፊያውን ሊነካ ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል።

ለቤት፣ ተጠቃሚው አንድ ሰው ከሆነና ልኩ ከሆነ፣ የማይንቀሳቀስ መደገፊያም ችግር የለውም። ለጂም ግን በፍጹም አልመክርም። መደገፊያው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወንበሩ ወደላይና ወደታች መስተካከል አለበት። ለመግዛት ስትሄዱ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ፕሌት ጭናችሁ፣ ሌላ ሰው ሲስብ ከጎን ቆማችሁ እዩ። ፕሌቱ ከመዞሪያው (የማሽኑ ክንድ ከሚዞርበት መገጣጠሚያ) በአግድም በራቀ ቁጥር ሳቢው ላይ ይከብዳል። ጀርባ ደግሞ አቅሙ የሚያንሰው መጨረሻ ላይ፣ ክርን ወደኋላ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ፕሌቱ በጣም የሚርቀው እዚያው መጨረሻ ላይ ከሆነ ማሽኑ አይሆንም። ሳቢው ላይ በግልጽ ይታያል። መጀመሪያው ላይ ቀልሎት ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ደረቱ መደገፊያውን ይለቃል፣ የቀረችውን በወገቡ ገፍቶ ይጨርሳታል። ወገብ እንዲያርፍ የተገዛ ማሽን ወገብ ሲያሠራ ማየት ያበሳጫል። የምትፈልጉት መነሻው ወይም መሃሉ ላይ ከብዶ ወደ መጨረሻው ትንሽ የሚቀለውን ነው።

«ይሄ 200 ኪሎ ይችላል» በሚለው ንግግርም አትማረኩ። ፕሌቱ ከመዞሪያው ያለው ርቀት የእጀታው ርቀት ግማሽ ከሆነ፣ የጫናችሁት 40 ኪሎ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ወደ 20 ገደማ ነው፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። የሁለት ማሽኖችን ኪሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

መዞሪያው

እጀታውን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ተዉት፤ በአዲስነቱ ከላላ ስድስት ወር ቆይቶ አይጠብቅም።

ውስጡ ያለው ኩሽኔታ (ባለ ኳስ ቤሪንግ) ነው ወይስ ቦኮላ (ኳስ የሌለው ቀለበት) ብላችሁ ጠይቁ። ቦኮላ ጥሩ ሆኖ ከተሠራ መጥፎ አይደለም፣ ግን ግራሶ ይፈልጋል። የድሬ አቧራ ግራሶ ላይ ሲያርፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል። ስለዚህ ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተዘጋ ኩሽኔታ ይሻላል። ለሚያሠራ ሰው ምክሬ ኩሽኔታውን ራሳችሁ ግዙ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ቤት አይጠፋም። ለምሳሌ 6205 የሚባለው ለ25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ነው። ሻፍቱንና መቀመጫውን ቶርኖ ቤት በልኩ ያውጣው። በግራይንደር ተጠግኖ የገባ ሻፍት ሁለቱን ክንዶች እኩል አያስኬድም። የብየዳ ባለሙያዎቻችን ፍሬሙን አሳምረው ይሠሩታል፤ መዞሪያው ግን የቶርኖ ሥራ ነው።

የቀረው

ቱቦላሬው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ለቤት 2 ያስኬዳል። የእግር መርገጫው የማያንሸራትት ይሁን። የስፖንጅ እጀታ አትግዙ፤ እዚህ ሙቀት ላይ ላብ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ሸካራ ብረት ወይም ጠንካራ ጎማ ይሻላል። መደገፊያው በቡሎን የሚፈታ ይሁን፤ ስካዩ ሲሰነጠቅ የሶፋ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ ታስለብሱታላችሁ።

ማስገባትና መትከል

በሩን ለኩ፣ መተላለፊያውንም ለኩ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ላላችሁ ይሄ ቀልድ አይደለም። በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ማሽኑ የሚገባው በሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ ሳይሆን በቡሎን የሚፈታታ መሆን አለበት። ሲቀመጥም ግራና ቀኙ ላይ ፕሌት ይዞ ለሚቆም ሰው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ተዉለት።

ሊሾ ወለል ላይ በባዶው ከቆመ ይንሸራተታል። ከስሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉ። ለጂም ከሆነ ወለሉን በስታችሁ በብረት ፊሸር እሰሩት። ከሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ፤ ከዳዶው ስር ያለው አዲስ ቀለም ሲጨመቅ ይላላሉ።