የልጄ የወተት ጥርስ አልወልቅ ብሎ እንዴት እንደተገላገልን

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ የታች የፊት የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ቋሚው ከኋላው በቅሎ ሁለት ረድፍ ሆነ። መጀመሪያ በምላሷ ነቅንቂው አልናት፣ ካሮትም ሸንኮራም አስጋጥናት፣ ምንም። ከዛ ክር አስሬ ልስብ ስል ደማባት፣ አለቀሰች፣ ተውኩት። ክር በፍጹም አትሞክሩ፣ ያልላላ ጥርስ በግድ ሲሳብ ድዱን ይጎዳል።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ከዚራ ሰፈር ያለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ራጅ ተነሳች፣ ለካ ቋሚው ከኋላ ስለመጣ ጥርሱ እንዲወልቅ መሟሟት የነበረበት የወተቱ ጥርስ ሥር አልሟሟም፣ እኛ ስንነቀንቅ የከረምነው ሙሉ ሥር ያለውን ነው። ማደንዘዣ ጄል ቀቧት፣ ቀጥሎ ሊዶኬይን የሚባል የማደንዘዣ መርፌ ወጓት፣ ከዛ በጉጠት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ።

ደሙ እንዲቆም ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) 30 ደቂቃ ነክሳ ያዘች። 24 ሰዓት በስትሮው መጠጣት፣ በኃይል መጉመጥመጥና ትኩስ ነገር የለም፣ ቀዝቃዛ እርጎ ሰጠኋት፣ በድሬ ሙቀት እሱም ደስ አላት። ለህመሙ ፓራሲታሞል በኪሎዋ ተለክቶ፣ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ደግሞ ከንፈሯ እስኪነቃ ሁለት ሦስት ሰዓት ምግብ አትስጡ፣ ሳታውቀው ትነክሰዋለች። ቋሚው ቦታ ሲያገኝ ምላስ እየገፋው ወደፊት ይመጣል፣ የሷም ጀምሯል።