በፋሲል ግቢ የአዝማሪ ምሽት ለመታደም ላሰባችሁ

ጥር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ የሚደውለው ዘመድና የዘመድ ጓደኛ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ግንቡ ውስጥ የባህል ሙዚቃ ይኖራል አሉ፤ እንዴት ነው የሚኬደው?» ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም ከፒያሳ ብዙ ሳልርቅ የምኖር ሴት ነኝ። እንግዳ መቀበልም እወዳለሁ። ስለዚህ በስልክ የምለውን ሁሉ እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ቀኑን አጣሩ። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ከተራ ማታ ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ያድራሉ፤ ሌሊቱ የማኅሌትና የጸሎት ነው። ያን ቀን ዘፈን ፍለጋ አትምጡ። ለሙዚቃ ከሆነ ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ጥቂት ቀንም ያዙ። ዝግጅቱ የት፣ መቼና በስንት ሰዓት እንደሆነ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ወይም ካረፋችሁበት ሆቴል ጠይቁ። አልጋ ግን ቀድማችሁ ያዙ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ዋጋውም ይሰቀላል። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። በአውሮፕላን የምትመጡ አዘዞ ነው የምታርፉት፤ ከዚያ ወደ ከተማው ታክሲም ባጃጅም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማታ ሙዚቃ ካለ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢውን በብርሃን ጎብኙት። ይህን ምክር የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ ነው የምለው። በጨለማ የገባ ሰው መድረክና መብራት ብቻ አይቶ ይወጣል። በቀን የዞረ ሰው ግን የት እንደተቀመጠ ያውቃል። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክብ ማማዎች ያሉት ትልቁ ግንብ የእሳቸው ነው። አጠገቡ ያለው የአፄ ኢያሱ ግንብ ጣራ የለውም። በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ስለነበር እንግሊዞች በአውሮፕላን ደበደቡት፤ ጉዳቱ ዛሬም ይታያል።

ከሁሉ በላይ እንዳያመልጣችሁ የምፈልገው የአፄ ዳዊት የዜማ ቤት ነው። አፄ ዳዊት ሣልሳዊ የነገሡት አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ.። በዚያች አጭር ዘመን ምሽግ ወይም እስር ቤት አይደለም የሠሩት፤ የዜማ አዳራሽ ነው። መንፈሳዊውም ዓለማዊውም ዜማ ይሰማበት ነበር። ከግቢው አሥራ ሁለት በሮች አንዱም እምቢልታ በር ይባላል፤ የነጋሪትና የእምቢልታ ሰዎች በር ነው። ማሲንቆ እዚህ ግቢ ሲሰማ ለቱሪስት ተብሎ ትናንት የመጣ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ ፍርስራሹ ፊት ቁሙ። ሙዚቃ እዚህ ቤተኛ ነው።

ልብስ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የጥር ፀሐይ ቀን ላይ ያሞኛል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። የሐበሻ ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች ከውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ደርቡ፤ ነጠላ ብቻውን አያስጥልም። ለሁሉም የምመክረው ጋቢ ነው። ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሣሩ ላይ ይነጠፋል፣ ለተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ ይሆናል። ጫማ ደግሞ ዝርግ ይሁን። መሬቱ ሣርና ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጎ በጨለማ መሄድ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል።

መታወቂያ ያዙ፤ ከውጭ የመጣችሁ ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን)። በር ላይ ፍተሻ አለ። ትልልቅ ቦርሳ አታምጡ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም። መጸዳጃ ቤት ከሆቴላችሁ ተጠቅማችሁ ውጡ፤ ማታ በሕዝብ መሐል መፈለግ አድካሚ ነው። መቀጣጠሪያችሁ ከግቢው ወጣ ብሎ ያለው የጃን ተከል ዋርካ ሥር ይሁን። ኔትወርክ በሰው ብዛት ሲጨናነቅ ስልክ አይሠራም፣ ዋርካው ግን የትም አይሄድም።

የፊት ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ ለክብር እንግዶች ነው የሚያዙት። አይክፋችሁ። የአዝማሪ ነፍሱ ግጥሙ ነው፤ ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ቃሉ የሚሰማበትን እንጂ ፎቶ የሚያምርበትን አትፈልጉ። ድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ጆሯችሁ ይደነቁራል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ግንቡን ከተጠጋችሁ ደግሞ ድንጋዩ ድምፁን ይመልሰዋል፤ ስንኙ ከራሱ ጋር ይደራረብና ቤት የሚመታውን ቃል አትሰሙትም። ከመድረኩ በጎን በኩል፣ የአዝማሪው ፊት በሚታይበት፣ ሣሩ ላይ መቀመጥ ይሻላል። እዚያ ሆናችሁ የማሲንቆው ደጋን አውታሩ ላይ ሲሄድ ያንን ሻከር ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ነው፤ አውታሩም የደጋኑ ገመድም የፈረስ ጅራት ነው። በአንድ አውታር ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ሁሉ ሲወጡ በቅርብ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ግጥም መስጠት ብዙ እንግዳ የሚፈራው ነገር ነው። አትፍሩ። አዝማሪው ዞር ዞር እያለ ሲጠጋችሁ ሁለት ስንኝ ትነግሩታላችሁ፤ «ተቀበል!» ካላችሁት ይቀበላችኋል። ድምፅ ማማር አይጠበቅባችሁም፣ ዜማው የእሱ ሥራ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ቤት የሚመታ ሁለት መስመር ነው። በቤታችሁ አስባችሁት ኑ፣ ወረቀት ላይም ጻፉት። ሰው ሲያሞግስ፣ ሲናፍቅ፣ ሲወቅስ የሚለው ነገር አያጣም። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ለአዝማሪው እንዲህ ብለው ሰጡት፦

ልጄን እንዳልጠራው እሩቅ አገር ሄዶ፣
ድምፄ አይሻገርም ከዚህ ግንብ ማዶ።

አዝማሪው ወዲያው አላዜመውም። አንዴ በማሲንቆው ብቻ ዞረበት። ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለቴ መላልሶ ሁለተኛውን በረጅሙ ለቀቀው። ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። እናቲቱ ግን ዝም ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጅ የተሰደደበት ሰው በዚያ ሣር ላይ ብዙ ነበር።

ልብ በሉ፣ ግጥም ሲሰጥ ሌላው ይስማ። በዚያ ሰዓት ጮክ ብሎ ማውራት፣ ስልክ ማንሳት ነውር ነው። ሲያልቅ ግን ዝም አትበሉ። «እሰይ»፣ «ይበል»፣ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ሁሉም ያስፈልጋል። አዝማሪ ዝም ባለ ሰው ፊት ይቀዘቅዛል።

ሽልማት ደግሞ አለ። ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ቀድማችሁ ዘርዝሩ፤ ማታ ዝርዝር አታገኙም። ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል ወይም በእጁ ይሰጠዋል። መወርወር አይገባም። ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ የወረደለት ባለሙያ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቡርባክስ ለምሳሌ በአዝማሪዎቹ የታወቀ መንደር ነው። ብዙ ጊዜ ሴቷም አብራ ታዜማለች፤ ስትሸልሙ እሷን አትርሱ። የእናንተን ወይም የወዳጃችሁን ስም እንዲያነሳላችሁ ከፈለጋችሁ ጠጋ ብላችሁ ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውን ንገሩት። ቀሪውን እሱ ያውቅበታል።

እስክስታው ሲጀመር ተወዛዋዧ ፊታችሁ መጥታ ትከሻዋን ካንቀጠቀጠች መነሳት አለባችሁ። አለመቻል ሰበብ አይሆንም። እግራችሁን ተከል አድርጉ፣ አንገታችሁን ለቀቅ አድርጉና ትከሻችሁን ከከበሮው ጋር አስኪዱ። ሽለላና ፉከራ ሲመጣ ግን ቦታ ልቀቁ፤ ሕፃናትን ወደ ኋላ ሳቡ። የጎንደር ፉከራ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል።

ግንቡን በተመለከተ እለምናችኋለሁ። የተሻለ ለማየት ብላችሁ ፍርስራሽ ላይ አትውጡ፣ ልጆችንም አታስወጡ። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው፤ ዘመን ጠግቧል፣ ይፈረፈራል። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሲጃራና የውኃ ፕላስቲክ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሳይ በጣም ይከፋኛል። ያመጣችሁትን ይዛችሁ ውጡ።

መመለሻችሁን በቀን ጨርሱት። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው በአንድ በር ይወጣና ባጃጅ ይጠፋል። ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ሆቴላችሁን ጠይቁ። ቀን ያመላለሳችሁን ባጃጅ ስልኩን ተቀብላችሁ ዋጋ ተነጋገሩ፤ በር ላይ ሳይሆን ፖስታ ቤቱ ጋ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ሙዚቃው ያልበቃው ካለ ከተማው ውስጥ አዝማሪ ቤት ይግባ። እዚያ ማጉያ የለም፣ አዝማሪው ክንድ እርቀት ላይ ነው፣ ግቢው ውስጥ ሳትሰጡት የቀረ ግጥም ካለም እዚያ ይቀበላችኋል።