ኢትዮጵያንና ጅቡቲን በአንድ ገጽ ካሬ ወረቀት ለልጅ ማስተማር

ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ሳስተምር ለብዙ ዓመት የጎረቤት አገሮችን የቆዳ ስፋትና ዋና ከተማ ነበር የማስሸመድደው። ልጆቹ ለፈተና ያጠኑታል፣ በሳምንቱ ይጠፋቸዋል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስጓዝ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ጎኑ ጭምድድ ብሎ አገኘሁት። ማንም አልነካውም። ደጋ ላይ የዘጋሁበትን ስስ አየር የቆላው ከባድ አየር ተጭኖት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አገሮች የማስተምረው ከከፍታ ተነስቼ ነው። እናንተም ቤት ውስጥ ከልጃችሁ ጋር ሞክሩት።

ካሬ ያለው ወረቀት፣ እርሳስና ሰማያዊ ከለር ይበቃል። ወደ ጎን አንዱ ካሬ 50 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ላይ አንዱ ካሬ 500 ሜትር ይሁን። ከግርጌ ሁለት ካሬ ትታችሁ የባሕር ወለልን አስምሩ። የምንከተለው የባቡሩን መንገድ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 15 ካሬ ይወስዳል።

አዲስ አበባን ግራ ጫፍ ላይ፣ አምስት ካሬ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነጥብ አድርጉ። አዳማ ሁለት ካሬ ወደ ቀኝ፣ ቁመቱ ከሦስት ትንሽ ከፍ ይላል። አዋሽ አራት ተኩል ላይ፣ ቁመቱ ሁለት። ድሬዳዋ ዘጠኝ ላይ፣ ሁለት ተኩል አይሞላም። ጅቡቲ ከተማ 15 ላይ፣ ዜሮ። ነጥቦቹን አገናኙ። ግምት ቢሆንም ቅርጹ ትክክል ነው።

አሁን ልጁ አዋሽ ላይ መስመሩ ለምን እንደጎደጎደ ይጠይቅ። መልሱ ስምጥ ሸለቆ ነው። ምድሪቱ እዚያ እየተሰነጠቀች ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። ይህ ስንጥቅ፣ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙት አፋርና ጅቡቲ ላይ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ያለውን የአሳል ሐይቅ ሳትሥሉ አትለፉ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ይወርዳል፤ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ባቡሩ ስለማያልፍበት 13ኛው ካሬ ግድም ከባሕር ወለሉ መስመር በታች የካሬ ሲሶ ያህል በነጠብጣብ አሳዩት። የባሕር ውሃ በመሬት ውስጥ እየሰረገ ይገባበታል፣ ሙቀቱ ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ1978 እሳተ ገሞራ ፈንድቷል።

ሰማያዊውን ከለር አንሱና የአዋሽን ወንዝ ሳቡ። ተማሪዎቼ ሁሌ ባሕር ውስጥ ይከቱታል። አዋሽ ግን ባሕር አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የገባውን ፀሐይ ትወስደዋለች።

ሰዉን ከመስመሩ በላይ ሣሉት። አዲስ አበባ ላይ ጋቢና የጤፍ ማሳ፣ አዋሽ ላይ ግመልና ፍየል፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። አብዛኛው ሕዝቧ ዋና ከተማዋ ውስጥ የሚኖረው ወደቡ ስለሚያኖረው ነው።

ከዚያ ቀስቶች አድርጉ። ወደ ታች ጫት በየቀኑ፣ አትክልት፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ውሃም ሳይቀር በቧንቧ ይወርዳል። ወደ ላይ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ስንዴ ይወጣል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት በፊት አሰብም ይህን ሸክም ይጋራ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቤታችሁ ያለውን ዘይት ወይም ስልክ አሳዩትና በየትኛው ቀስት እንደመጣ ራሱ ይፈልግ።

ድንበሩን መጨረሻ ላይ አስምሩ፤ ከባሕሩ ሁለት ካሬ ወደ ግራ፣ ደወሌ ላይ። ቀድማችሁ ካሰመራችሁት ልጁ ሕዝቡም እዚያ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ «ኢሳ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሶማሊኛው አንድ ነው። በሰሜን በኩል፣ ከባድ መኪናዎች በሚያልፉበት ጋላፊ ደግሞ ግራና ቀኝ «አፋር» ይጻፍ። በሁለቱም ወገን ዘመዳሞች ናቸው፤ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረው ያደርጋሉ።